ያለ ቴምብር የሄዱ ደብዳቤዎች
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የቴምብርና የታሪክ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር



የተፈቀደልን ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ወደ ነገራችን በቀጥታ እንገባለን። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ አሮጌ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ስንል በውስጡ የተጻፈውን ቃል ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ልብሱን፤ ማለት ኤንቨሎፑን፤ በላዩ የተለጠፈውን ቴምብር፤ የተመታበትን የፖስታ ማኅተም፤ ጠርዙ የተበላበትን፤ ላብና አቧራ የነካውን ሁሉ ጭምር ነው። ክበባችን ሲቋቋም እኛም እንደ ማንኛውም ጀማሪ ቴምብር ብቻ እንሰበስብ ነበር። ኋላ ግን የክበቡ አማካሪ የሆኑት መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «ይህ ቴምብር ከየት ወደ የት ሄደ? ማን ተሸከመው?» አሉን። መልስ አልነበረንም፤ ቴምብሩ ከኤንቨሎፑ ተልጦ የመጣ ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን መልኩን ለወጠ።

በዓለም ላይ አሮጌ ደብዳቤ የሚሰበስቡ ሰዎች እጅግ ከሚፈልጓቸው ነገሮች አንዱ በ19ኛው ምእተ ዓመት በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች መካከል የተመላለሰው ደብዳቤ ነው። በእነዚያ ደሴቶች መደበኛ የመንግሥት ፖስታ ያልነበረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ደብዳቤ የሚሄደው ወዲያ የሚያልፍ መርከብ ሲገኝ ነበር። በፊጂ ደሴቶች በሌቩካ ከተማ የሚታተም «ፊጂ ታይምስ» የተባለ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1870 የራሱን ቴምብር አሳትሞ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። በሃዋይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በስስ ወረቀት ስለ ታተሙ አብዛኞቹ ጠፍተው፤ ከባለ ሁለት ሳንቲሙ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቁት አሥራ ስድስት ያህል ብቻ ናቸው። ከቶንጋ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ኒውአፎኡ ደግሞ መርከብ የሚቆምባት ወደብ የላትም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ደብዳቤው በብስኩት ቆርቆሮ ታሽጎ ከመርከብ ወደ ባሕር ይጣልና ዋናተኞች እየዋኙ ያመጡት ነበር። ከዋናተኞቹ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1931 ዓሣ ነባሪ ሳይሆን ሻርክ የሚባለው ክፉ ዓሣ ስለ ገደለው በታንኳ መሄድ ተጀመረ። እንግዲህ ከእንዲህ ያለው ቦታ የተረፈ አንድ ኤንቨሎፕ ውድ ቢሆን አያስደንቅም።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው፤ ሆኖም አገራችንን በልባችን እንያት። ደጋው እንደ ደሴት ነው፤ በረሓውና ቆላው እንደ ባሕር ነው። ከጨንቻ ቁልቁል አባያንና ጫሞን የተመለከተ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ለመሆኑ እውነተኛ ደሴትም አለን፤ በአባያ ሐይቅ ውስጥ ያለችው ጊዲቾ ከየብስ ጋራ የምትገናኘው በታንኳ ነው። በቀድሞው ዘመን ከአንዱ ደጋ ወደ ሌላው ደጋ ቃል ለመላክ ወንዝ የሚሻገር፤ ወባ የማይፈራ፤ በቀን የሚሮጥ በሌሊትም የሚጓዝ ሰው ማግኘት ግድ ነበር።

ያ ሰው መልክተኛ ይባላል። የአገራችን መልክተኛ ደብዳቤውን በኪሱ አይከትም፤ ኪስም አልነበረው። የበትሩን ጫፍ ሰንጥቆ ወረቀቱን በስንጥቁ ውስጥ ይሰካና ከፍ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ይህም ወረቀቱን ከላብ ያድነዋል፤ ከዚህ ይልቅ ትልቁ ጥቅሙ ግን ያየው ሁሉ መልክተኛ መሆኑን ስለሚያውቅ መንገድ ይለቅለት ዘንድ ነው። የጋሞ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የአገራችን ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በጠብ መካከል ሲገቡ የሚዳፈራቸው የለም፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚችው በአርባ ምንጭ ከተማ ሽማግሌዎቻችን ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቈጡትን ወጣቶች እንደ መለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ሣሩ ሣር ብቻ እንዳይደለ፤ በትሩም በትር ብቻ አልነበረም። በጋሞ ደጋዎች ደግሞ ቃሉ በወረቀት ሳይሆን በሰው አፍ ነበር የሚሄደው፤ ሀላቃው በዱቡሻ፤ ማለት በአደባባይ፤ የተነገረውን ነገር ይዞ ለሕዝቡ ያደርሳል። ያን ሰብስቦ በመዝገብ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ይህም ከሥራችን የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የጥንት የአማርኛ ደብዳቤ ያላየ ሰው ሲያነበው ይሳሳታል። ለምሳሌ «ይድረስ ከእገሌ» የሚለውን ከእገሌ የመጣ ይመስለዋል፤ በዚያ ዘመን አነጋገር ግን «ለእገሌ ይድረስ» ማለት ነው። የንጉሥ ማኅተምም ከደብዳቤው ግርጌ ሳይሆን ከራስጌው ይመታል፤ ከንጉሥ ቃል በላይ የሚውል ነገር የለምና።

አንድ ደብዳቤ ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዐጤ ቴዎድሮስ ታሪክ እንማራለን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነትን የሚጠይቅና መልክተኞች ለመላክ ያላቸውን አሳብ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው ለቆንስሉ ለካሜሮን ሰጡ። ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1863 ለንደን ደረሰ፤ ደርሶም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ፤ መልስ የለም። እ.ኤ.አ. በ1864 መጀመሪያ ቆንስሉን አሰሩ። የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በዚያው ዓመት በክረምት ምጽዋ ቢደርስም ወደ ንጉሡ ለመግባት ፈቃድ እስኪያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ በባሕር ዳርቻ ተቀመጠ፤ ንጉሡን ፊት ለፊት ያየው እ.ኤ.አ. በጥር 1866 ነው። የቀረው የታወቀ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ 13,000 የሚጠጋ ጦር ዙላ ላይ ወረደ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። የጦርነት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ይህን መምህራኖቻችን አስተምረውናል። ነገር ግን ለዚያ ደብዳቤ በጊዜው ሁለት መስመር መልስ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብለን ሳናስብ የምናልፍ አይደለንም።

ያ ጦር ከህንድ የመጣ ነበርና የህንድ የጦር ሜዳ ፖስታ ይዞ መጣ። ወታደሮቹ ወደ አገራቸው የጻፉት ደብዳቤ የህንድ ቴምብር ተለጥፎበት በላዩ «ኤፍ ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይመቱበት ነበር፤ ከዙላም በመርከብ ወደ ስዌዝ ይሄዳል። ዛሬ ያ ማኅተም ያለበት ኤንቨሎፕ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚሹት አንዱ ነው። እንግዲህ በምድራችን ላይ ቴምብር ተለጥፎበት ከሄደው ቀደምት ደብዳቤ አንዱ የወራሪው ወታደር ደብዳቤ መሆኑን ስንረዳ ትንሽ ቅር አለን። ሆኖም ታሪክ እንደ ሆነው እንጂ እንደ ምኞታችን አይጻፍም።

ሁለተኛው ታላቅ የደብዳቤ ነገር ውጫሌ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ 17ኛው አንቀጽ ያልተማረ የለም፤ ነገር ግን የአንቀጹ ፍሬ ነገር ደብዳቤ መሆኑን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይችላሉ ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ዐጤ ምኒልክ ስለ ዘውዳቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በኢጣሊያ በኩል ይሁን የሚል ሆነ። አንድ ንጉሥ ደብዳቤውን በራሱ መልክተኛ መላክ ካልቻለ ምኑ ንጉሥ ነው? ጉዳዩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ተቈረጠ። ከድሉ በኋላ የኢጣሊያ ምርኮኞች ከተያዙበት ወደ ቤተ ሰቦቻቸው የጻፉት ደብዳቤም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተከበረ ነው።

ዐጤ ምኒልክ ከአድዋ በፊትም የፖስታን ነገር ቸል አላሉትም። በ1886 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፖስታ እንዲቋቋም አደረጉ። ቴምብሩን የማሳተሙን ሥራ የያዙት ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የኖሩት የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው፤ ታትሞ የመጣውም ከፓሪስ ነው። ቅርጹን የቀረጸው ኤዠን ሙሾ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፤ ይኸው ሰው በኋላ ለራሱ ለፈረንሳይ መንግሥትም ቴምብር ቀርጿል። ቴምብሮቹ ሰባት ነበሩ። ሩብ ግርሹ አረንጓዴ፤ ግማሽ ግርሹ ቀይ፤ አንድ ግርሹ ሰማያዊ፤ ሁለት ግርሹ ቡናማ ሆነው የንጉሠ ነገሥቱ መልክ አለባቸው። አራት፤ ስምንትና አሥራ ስድስት ግርሾቹ ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ አላቸው፤ ባለ አሥራ ስድስቱ ጥቁር ነው። አሥራ ስድስት ግርሽ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበርና በአንዱ ጥቁር ቴምብር ላይ ሙሉ ብር ተለጠፈ ማለት ነው። ቴምብሮቹ እ.ኤ.አ. በጥር 1895፤ በእኛ በ1887 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋሉ። በመጀመሪያው የፖስታ ማኅተም ላይ የምናገኛቸው ስሞች ሐረርና እንጦጦ ናቸው፤ አዲስ አበባ ገና ልጅ ነበረች።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር እንመጣለን። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል አልነበረችም፤ ስለዚህ የምኒልክ ቴምብር ከአገር ወሰን ውጭ አይሠራም ነበር። ከእንጦጦ ወደ ፓሪስ የሚጻፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ለአገር ውስጡ መንገድ የምኒልክን ቴምብር፤ ከጂቡቲ ወዲያ ላለው ደግሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የሆነውን የኦቦክን ወይም የሱማሌ ጠረፍን ቴምብር ይለጥፋል። በአንድ ኤንቨሎፕ ላይ የምኒልክ መልክና የፈረንሳይ ቴምብር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ። የሁለተኛውን ዋጋ ያልከፈለ እንደ ሆነ በኤንቨሎፑ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ «ቲ» የሚል ፊደል ይመታና ተቀባዩ ዕዳውን ይከፍላል። ይህን ኤንቨሎፕ ያዩ ሰዎች የሕፃን እጅ የለጠፈው ይመስላቸዋል፤ ለሚያነበው ግን ከእንጦጦ እስከ ሐረር በመልክተኛ እግር፤ ከሐረር እስከ ባሕር በግመል፤ ከዚያ በመርከብ የሄደበት መንገድ በሙሉ የተጻፈበት ካርታ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩትማ ያለ ኢትዮጵያ ቴምብር ነው የሄዱት። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ሬምቦ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በሐረርና በኤደን እየተመላለሰ ሲነግድ ለእናቱና ለእኅቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በዘይላና በኤደን በኩል አልፈው ነው ፈረንሳይ የደረሱት። ቅኔ መጻፉን በወጣትነቱ ትቶት ነበር፤ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለው ስለ ቡና፤ ስለ ቆዳና ስለ ገንዘብ ነው። ቅኔ ፈልጎ የሚከፍታቸው ሰው ያዝናል፤ የነጋዴን ኑሮ የሚፈልግ ግን ይጠቀማል።

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ግመሉም ከፖስታ ሥራ ዐረፈ። ጥቅምት 1901 ዓ.ም.፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1908፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ሆነች። ከዚያን ቀን ወዲህ በኢትዮጵያ ቴምብር ብቻ የተላከ ደብዳቤ በየትም አገር ተቀባይነት አገኘ። በውጫሌ ውል በሌላ በኩል ላኪ የተባለው መንግሥት ማንንም ሳያስፈቅድ ደብዳቤውን በራሱ ቴምብር መላክ ቻለ። ስለዚህ ከዚህ ቀን በፊትና በኋላ የተላኩትን ሁለት ኤንቨሎፖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ብዙ ገጽ የታሪክ መጽሐፍ አነበበ ማለት ይቻላል።

ስለ ገበያው ጥቂት እንበል፤ ወላጆች ይህን እንደምትጠብቁ እናውቃለንና። ያልተጻፈበትና ያልተመታበት የምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብር ዛሬም ብዙ ውድ አይደለም፤ ብዙው በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች ስለ ተሸጠ በብዛት ተርፏል። ውዱ ኤንቨሎፑ ነው፤ ከኤንቨሎፖቹም ውስጥ ሰብሳቢ ለራሱ ብሎ ያስላከው ሳይሆን ሰው ለሰው ጉዳይ ጽፎ የላከው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ ደግሞ በእነዚያው ቴምብሮች ላይ ተጨማሪ ቃል በማኅተም ይመታ ጀመር፤ መጀመሪያ በላቲን ፊደል «ኢትዮጵያ»፤ በ1902 «ቦስታ»፤ በኋላም «መልክት» የሚል። (ፖስታን ቦስታ ማለት ዛሬ የአያቶቻችን ስሕተት ይመስለናል፤ እነሆ መንግሥት በቴምብር ላይ አትሞታል።) ተንኰለኞች ይህን ማኅተም እየቀረጹ በርካሹ ቴምብር ላይ እየመቱ ስለ ሸጡ የሐሰቱ ብዛት እውነተኛውን ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ በመንገድ ዳር «ጥንታዊ ነው» ተብሎ የሚሸጥላችሁን አትግዙ። ማየት የፈለገ በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ዋና ፖስታ ቤት ግቢ የቴምብር ቤተ መዘክር አለ።

በጋሞስ ምን አለ? እዚህ ላይ አንዋሻችሁም፤ ከ19ኛው ምእተ ዓመት ከጋሞ የወጣ ቴምብር ያለበት ኤንቨሎፕ አላገኘንም። በዚያ ዘመን በዚህ የመጡት ሰዎች ከመንገደኛነት አላለፉም። ኢጣሊያዊው ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 አባያ ዘንድ ደርሶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» አለው፤ ጫሞም በዝሆን ተገድሎ በሞተው በሩስፖሊ ስም ተጠርቶ ነበር። ካርታዎቻቸው በእነዚህ ስሞች ብዙ ዘመን ኖሩ፤ ሐይቆቹ ግን ለዚያ ስም አቤት አላሉም። ኋላ ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ሆነች፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ዋና ከተማው ወደዚህ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። የደብዳቤው ብዛትም ከዚህ በኋላ ነው።

ግን የጋሞ ደብዳቤ የራሱ ጠባይ አለው። ከዶርዜና ከአካባቢው ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሽሮ ሜዳ ሲሠሩ ወደ አገር የሚልኩት ብዙውን ጊዜ በፖስታ ቤት አይደለም፤ ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ነው። ቴምብር የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ በላዩ ያለው «በእገሌ እጅ ይድረስ» የሚል ቃል ነው። ከጋቢው ጋራ፤ ከጨውና ከገንዘቡ ጋራ አብሮ ይቋጠራል። በፖስታ ቤት የመጣውም ቢሆን በአገራችን ፖስተኛ ቤት ለቤት ስለማያድል የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥን የሌለው የነጋዴውን፤ የትምህርት ቤቱን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ቁጥር ይጽፋል። ከዚያ ወደ ደጋው የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ደብዳቤው ይጠብቃል። የውጭ አገር ሰብሳቢ ይህን «ቴምብር የለውም» ብሎ ይጥለው ይሆናል። እኛ ግን በሰንጠቃ በትር ይሄድ የነበረው ደብዳቤ የልጅ ልጅ ነው ብለን እንይዘዋለን።

ባለፈው ዓመት በዕረፍት ጊዜ አራት የክበባችን አባሎች ወደ ደጋው ወጥተን ከአንዲት አሮጊት እናት ቤት ገባን። በእንሰት ኮባ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ነበሯቸው፤ ሁሉም ከነኤንቨሎፓቸው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ጦር ሠራዊት የገባ ልጃቸው ከሰሜን የጻፋቸው ናቸው። ልጁ በ1980 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መሞቱን ኋላ ጓዱ ነገራቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ከእኛ አንዷ አማርኛውን ወደ ጋሞኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። አሥሩን አነበበች። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ እጃቸውን ዘርግተው «ያን ተዉት» አሉ። ለምን ብንላቸው፤ በዚያ ደብዳቤ ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ጽፎ እንዳልመጣ፤ እሳቸውም በ1980 መስቀል በሬ ሲታረድ ደጁን ሲያዩ እንደ ዋሉ፤ ልጃቸው ሲሞት በልባቸው ተቀይመውት እንደ ነበረ ነገሩን። የመስቀል በዓል በጋሞ ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ቃል አይደለም።

ደብዳቤው ቀን አልተጻፈበትም። እንደ ነገሩን፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ከሣጥኑ ባለቤት ዘንድ ተቀምጠው ቆይተው በአንድነት የደረሷቸው ከመርዶው በኋላ ስለ ነበረ የትኛው መቼ እንደ ተጻፈ የሚያውቅ አልነበረም። እኛም ኤንቨሎፑን ወደ በሩ አቅርበን በብርሃን ተመለከትነው። ማኅተሙ በአውሮፓ ቀን ነበር፤ ዲሴምበር 1987 ይላል። ቆጠርን፤ ታኅሣሥ 1980 ሆነ። ሦስት ጊዜ ደግመን ቆጠርን፤ እንዲህ ባለ ነገር መሳሳት አይገባምና። እንግዲህ የ1980 መስቀል ካለፈ ከሁለት ወር በላይ ከሆነ በኋላ ነው የጻፈው፤ እመጣለሁ ያለው ለ1981 መስቀል ነበር። ያ መስቀል ሳይደርስ በመጋቢት ሞተ።

ይህን ስንነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። ቀጥለውም «እንግዲያስ ልጄ አልዋሸኝም» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው አሥራ አንደኛውን ያስነበቡን፤ ሁለት ጊዜ።

ደብዳቤዎቹን ስጡን አላልናቸውም። ፎቶግራፍ አንስተን፤ የማኅተሞቹን ቀንና ቦታ በመዝገባችን ጽፈን ወደ ኮባው መለስናቸው፤ ያለ ፈቃዳቸውም የውስጡን ቃል አልገለበጥንም። በክበባችን ውስጥ በዚህ ነገር ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ቤቱ የሣር ክዳን ነው፤ እሳትና ምሥጥ ይበላዋል፤ ወደ ትምህርት ቤት ይምጣ አልን። ሌሎቻችን የእናት ነው፤ በእናት ዘንድ ይኑር አልን። በመጨረሻ የተስማማነው በሕይወት ያለ ባለቤት ያለውን ደብዳቤ እንዳንወስድ ነው፤ አንድ ሁለት አባሎቻችን እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አሳባቸውንም እናከብራለን።

አሁን ከእናንተ የምንለምነው ነገር አለ። በቤታችሁ አሮጌ ደብዳቤ ካለ ቴምብሩን በውሃ ነክራችሁ አትላጡ፤ በመቀስም ቈርጣችሁ ለልጅ አትስጡ። ማኅተሙ ግማሹ በቴምብሩ፤ ግማሹ በኤንቨሎፑ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከተለያዩ ሁለቱም ዲዳ ይሆናሉ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። የአርባ ምንጭ ሙቀትና ፀሐይ ቀለምን ያጠፋልና በመስኮት አጠገብ አይቀመጥ፤ በላስቲክ ከረጢት ታፍኖም ይሻግታል፤ ደረቅ የካርቶን ሣጥን ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ከሁሉ ይሻላል። ደብዳቤውን ከኤንቨሎፑ ባትለዩት ደስ ይለናል፤ ምክንያቱን አሁን ሰምታችኋል። በጀርባው ላይ በብዕር አትጻፉ፤ የምታውቁት ነገር ካለ በሌላ ወረቀት በእርሳስ ጻፉትና አብራችሁ አስቀምጡት፤ ማን ለማን እንደ ጻፈው፤ ሣጥኑ የማን እንደ ነበረ፤ ወደ ደጋው ማን እንዳደረሰው።

በአዳራሹ በስተ ቀኝ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ነገሮች ዘርግተናል። ሁለት የምኒልክ ቴምብሮች አሉ፤ አንደኛው እውነተኛ፤ ሁለተኛው «ቦስታ» የሚል የሐሰት ማኅተም የተመታበት ነው፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የለየ ተማሪ ስሙን በመዝገባችን ይጽፋል። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጡ ሰባት ደብዳቤዎች ባለቤቶቻቸው ፈቅደው አውሰውናል፤ እንዳትነኳቸው። የአንድ ሰንጠቃ በትር አምሳያም የእንጨት ሥራ መምህራችን ሠርተውልናል፤ እርሱን ግን ንኩት፤ ወረቀት ሰክታችሁም ያዙት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንገኛለን፤ ኤንቨሎፕ ይዞ ለመጣ ሰው ማኅተሙን አንብበን ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰን እንነግረዋለን፤ ዋጋ የለውም።